አንድ የልስን ሠራተኛ ለምን ይጠጣ ነበር?

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ሰውየው አዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ይኖራል። የልስን ሠራተኛ ነው። 40 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስሙንና ማንነቱን የሚያሳብቁ ነገሮችን ግን ትቻቸዋለሁ። እኔ በጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ።

ስለ እሱ ሲወራ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነበር። «ለምን አይተውም?» ሚስቱም፣ ወንድሙም፣ ፎርማኑም የሚሉት ይህንኑ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ከእሱ የሚቀድም አለ። መጠጡ ለዚህ ሰው ምን እየሠራለት ነው? ሰው ብርጭቆ የሚያነሳው የሆነ ነገር ስለሚያገኝበት ነው። የሚያገኘውን ሳናውቅ «ተው» ስንለው፣ ደመወዙን ከየት እንደሚያገኝ ሳንነግረው ሥራህን ልቀቅ እንደማለት ይሆናል።

እንዴት እንደመጣ

ያመጣችው ሚስቱ ናት። ዐቢይ ጾም የገባበት ሳምንት ነበር። ሰውየው በቅበላው መጨረሻ ለእመቤታችን ተሳለ። ጾሙን ሙሉ አንዲት መለኪያ ላይቀምስ። ሰኞ በቃሉ ጸና። ሌሊቱን ላብ አጠመቀው፣ ልቡ ሲመታ አደረ። ማክሰኞ ጠዋት ሳይት ላይ ድንገት ወደቀ። ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ። ጓደኞቹ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ያዙለት። አንዱ የቁልፍ መያዣውን ከኪሱ አውጥቶ አስጨበጠው። ነቃ ሲል ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ቤቱ ተላከ።

ሰፈሩ «የሚጥል በሽታ ነው» አለ። እናቱ ከአገር ቤት ደውለው ጸበል ውሰዱት አሉ። ሚስቱ ሁሉንም ሰምታ፣ መጀመሪያ ወደ እኛ ይዛው መጣች።

«ሲስተር፣ ሲጠጣ አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የተወ ዕለት ነው የጣለው» አለችኝ።

ከዚህ የተሻለ ምርመራ እኔም አላደረግኩም። ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ ብዙ ሲገባ አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን ከወትሮው በላይ ያነቃል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ማደንዘዣው ይሄዳል፣ መነቃቃቱ ግን ይቀራል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ካቆሙ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። መጣል በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ይመጣል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ራሱን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል። ይህኛው ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ቤቱ ተኝቶ ብቻውን፣ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። ጾም ሲገባ ይህን ቤተሰቦች ቢያውቁልኝ እወዳለሁ። ስለት ቆንጆ ነገር ነው፤ ከሐኪም ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሳካል።

በዚያው ቀን ሪፈር ጽፈን ወደ ሆስፒታል ላክነው። ዳያዜፓም ተሰጠው፣ መጠኑ ቀስ በቀስ ተቀነሰ። ረጅም ጊዜ የሚጠጡ ሰዎች ላይ የሚጎድለው ቫይታሚን ቢ1ም በመርፌ ተሰጠው። ሳምንት ሳይሞላ ወጥቶ ክትትሉን ከእኛ ጋር ቀጠለ። መንቀጥቀጡን ማስቆም የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ መጣ።

የዱቤው ደብተር

«መቼ ጀመርክ? ለምን?» ስለው «እንደማንም ሰው ነው ሲስተር፣ እኔ እንደውም መጠጥ ወዳጅ አይደለሁም» አለኝ። አልዋሸም። ብዙ ሰው ስለ መጠጡ የሚያስታውሰው መጀመሪያውንና ትናንትን ነው፤ መሐሉ ይጠፋበታል።

የእሱን መሐል ያገኘነው ከአረቄ ቤቷ ባለቤት ነው። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆች በጠላና በአረቄ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጠላውን ራሳቸው ይጠምቃሉ፤ አረቄው በጄሪካን ከደብረ ብርሃን በኩል ይመጣላቸዋል። ሰውየው መታመሙን ሲሰሙ ማንም ሳይጠራቸው ጤና ጣቢያ መጡ። በፌስታል የጠቀለሉትን ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት?» አሉኝ። እንባቸው መጥቶ ነበር።

ደብተሩ የዱቤ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ገጽ አለው። በእሱ ገጽ ራስጌ ላይ «ልስኑ» ተብሎ ተጽፏል። ቀኑ በግራ፣ ከጎኑ ለእያንዳንዷ መለኪያ አንድ ጭረት። ሲከፍል በረጅም መስመር ይሰረዛል። ገጾቹን በፈቃዱ አብረን ተቀምጠን አየናቸው። ጠጪው ራሱ የማያስታውሰውን ያስታውሳል ያ ደብተር።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከጥቅምት ይጀምራሉ። ጭረቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ናቸው። ሁለት፣ ሲበዛ ሦስት።

ለምን ቅዳሜ? ክፍያ ስላለ። ሳይቱ ላይ ደመወዝ የሚታደልበት ቢሮ የለም። ፎርማኑ ገንዘቡን ተቀብሎ ከመንገዱ ማዶ ያለው ግሮሰሪ ይቀመጣል። የያዘው ባለ 200 ብር ነው፤ መዘርዘር አለበት። ለመዘርዘር አንድ ነገር ማዘዝ ግድ ነው። እየተጠበቀ ወሬ ይወራል። ሰኞ የትኛው ብሎክ እንደሚለሰን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚወሰነውም እዚያው ነው። ክፍያውን ተቀብሎ ውልቅ የሚል ሰው ሰኞ ጠዋት «አንተ ደግሞ የት ነበርክ?» ይባላል። ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል። ሰውየው ይህንን በመጀመሪያው ወር ነው የተማረው።

አንድ ቢራ ለራስ ማዘዝ ደግሞ አይቻልም። ዙር አለ። አንዱ ጋብዞ ሌላው ዝም ቢል ነውር ነው። የሁሉም ተራ ሲደርስ የቀን ሠራተኛ ኪስ አይችለውም። ስለዚህ ክፍያው ሲያልቅ ወደ እትዬ ቤት ይዘዋወራሉ። እዚያ ዋጋው ረከስ ይላል። የአልኮሉ መጠን ግን አይረክስም። 5 በመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለ። 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ፣ አረቄው 40 በመቶ ከሆነ፣ እሷም 13 ግራም ገደማ ነች። በአንድ ትንፋሽ ትጨለጣለች እንጂ ከቢራው እኩል ናት። ይህን ስነግረው በጣም ገረመው። «ትንሽ ስለሆነች ትንሽ ትመስላለች» አለ።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችን ከእሱ የተለየን አይደለንም። ያደገው ሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ቤታቸው ጠላ ጠፍቶ አያውቅም። ማኅበር ሲወጣ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ደቦ ሲጠራ ጠላ አለ። ልጅ ሳለም ይቀምስ ነበር። ያን ማንም «መጠጣት» ብሎት አያውቅም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል የማይተነፍስ ሰው ቅዳሜ ማታ ስለ ልጁ የትምህርት ክፍያ ያወራል፣ ስለ ኪራይ ጭማሪ ያለቅሳል። በኮንዶሚኒየሞቹ ምድር ቤት ያሉትን ሱቆች ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ግሮሰሪ፣ ሥጋ ቤት ከነድራፍቱ፣ ከረንቡላ ቤት፣ እንደገና ግሮሰሪ። አንድ ደክሞት የዋለ ወንድ ከጓደኛው ጋር ያለ መጠጥ የሚቀመጥበት ቦታ ፈልጌ ብዙም አላገኘሁም። ይህ ያናድደኛል። ቤቶቹ ሲሠሩ የታሰበበት አይመስለኝም።

በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አንስቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ አዋጅ ነው። ይህ ሰው ግን በማስታወቂያ አልተጠራም። የጠራው ደመወዙ ነው።

ግንቦት

ከዚያ ገጹ ይቀየራል። ጭረቶቹ ከቅዳሜ ወጥተው ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ይታያሉ። ሁሉም ማታ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

«ክረምት ነዋ» አለኝ ቶሎ ብሎ። «ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ብርድ ነው፣ ጭቃው አያስወጣም።» እውነት ነው፣ የኮዬ ፈጬ ጥቁር አፈር ሐምሌ ላይ ጫማ ይውጣል። አረቄ ያሞቃል የሚለውም የተለመደ ነው፤ እርግጥ አልኮል የቆዳ ሥር የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ሙቀት የተሰማን ይመስለናል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ወደ ውጭ ያጣል። ግን ደብተሩ ላይ ያለው ቀን አይገጥምም። ለውጡ የጀመረው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ዝናቡ ገና አልገባም። ሥራውም እንደውም የሚበዛበት ወቅት ነው።

ጣቴን ቀኑ ላይ አድርጌ «እዚህ ጋ ምን ነበር ወንድሜ?» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። እሷም አታውቅም ነበር፤ ሙሉውን አታውቅም ነበር።

አብሮት የሚሠራ ረዳት ነበረው። ከዚያው ከአገሩ ራሱ ያመጣው፣ የጎረቤት ልጅ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የውጭ ግድግዳ ሲለስኑ የባህር ዛፉ መወጣጫ ከዳቸው። እሱ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። ልጁ ወደቀ። በዚያው አለፈ። ሬሳውን ይዞ አገር ቤት የገባው እሱ ነው። ለልጁ እናት ምን ብሎ እንደነገራቸው ዛሬም አይናገርም። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሥራ ገባ፤ ኪራይ ነበረበትና። ሚስቱ ያወቀችው «አንድ ልጅ ወድቆ ሞተ» የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለው። ዓይኑን ሲከድን እንጨቱ ሲሰበር ይሰማዋል። ከእትዬ ቤት አራት መለኪያ ጠጥቶ የገባ ዕለት ግን ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። ሰው በዚህ ይፈረድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ሌላ የሚያስተኛው ነገር ማንም አልሰጠውም። ችግሩ አልኮል የሚሰጠው እንቅልፍ የሌሊቱን ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። ከሰውነት እየወጣ ሲሄድ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኖ ይነቃል፣ እንጨቱ ይሰማዋል፣ እስኪነጋ ይገላበጣል። በማግሥቱ ማታ አምስት መለኪያ ያስፈልገዋል።

በ1994 እ.ኤ.አ. ሊን ኩፐር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎች የሚጠጡባቸውን ምክንያቶች በአራት ከፍለው ለመለካት ሞክረው ነበር። ለደስታና ለሞቅታ፤ ከሰው ጋር ለመጫወት፤ ከሰው ላለመለየት ወይም ላለመነቀፍ፤ የሚያስጨንቅን ስሜት ለማስታገስ። ከአራቱ ብዙ ችግር ይዞ የሚመጣው የመጨረሻው ነው። ለጨዋታ የሚጠጣ ሰው ጨዋታው ሲያልቅ ሊያቆም ይችላል። ለጭንቀት የሚጠጣ ሰው ጭንቀቱ አያልቅለትም። የእኛ ሰው ደብተር ላይ ሁለቱ ሲቀያየሩ በቀን ተጽፎ ይታያል። ከውጭ የሚያየው ግን ምንም ለውጥ አላየም። ያው መለኪያ፣ ያው አግዳሚ፣ ያው ሰው።

ቱምቢው

በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሌላ ምልክት ይመጣል። ከአንዳንድ ጭረቶች ጎን ትንሽ «ጠ» አለች። የጠዋት ማለት ነው። «ጠዋት የጀመረ ሰው ዕዳውም እሱም ይከብዳል፤ ብለይ ይሻላል ብዬ ነው» አሉ እትዬ። በሕይወታቸው ብዙ ጠጪ አይተዋል።

የጠዋቷ መለኪያ መጀመሪያ ለድፍረት ነበረች። መወጣጫው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ ቀንድቦ ሲወጣ ፍርሃቱ ይደበዝዛል። ፎቅ ላይ ጠጥቶ መውጣት ለእሱም ለሌላውም አደጋ መሆኑን ያውቃል። ነግሮኛልም። ግን ውጭ ግድግዳ አልለስንም ቢል ከሥራ ይወጣል፤ «ፈራ» ይባላል። ከሁለቱ አንዱን መረጠ።

ቆይቶ ደግሞ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልስን የእጅ ሥራ ነው። ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በቱምቢ ይለኩታል፤ ክር ጫፍ ላይ ክብደት ያለው ነገር ታስሮ ይንጠለጠላል፣ ክሩ ሲቆም ግድግዳው ይነበባል። የእሱ ክር አልቆም አለ። ይይዘዋል፣ ይወዛወዛል። በግራ እጁ ቀኙን ደግፎ ይሞክራል፣ ይወዛወዛል። አጠገቡ ያለው ሠራተኛ ማየት ሲጀምር ቱምቢውን ኪሱ ከትቶ ወደ እትዬ ቤት ይወርዳል። አንድ መለኪያ ይጨልጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ክሩ ጸጥ ይላል።

እዚህ ሲደርስ ምርጫ የሚለውን ነገር መጠየቅ ይከብዳል። ይህ ሰው ጠዋት የሚጠጣው ለመስከር አይደለም። እንደ ጤነኛ ሰው ለመሥራት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ ስንለካው ውጤቱ ከ20 በላይ ነው። ከ40 ነው የሚያዘው፤ 20ና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥገኝነት ይጠረጠራል። ሰፈሩ ግን «ሰካራም» ብሎት ጨርሷል። ሚስቱ ትልቁን ልጃቸውን «አባትህን ጥራው» ብላ ማታ ማታ አረቄ ቤት ትልከው ነበር። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ስትነግረኝ ራሷም አፈረች። መጀመሪያ ያስቆምነው ይህንን ነው።

ምን አደረግን

መጠጡ ይሠራለት የነበረውን ሥራ ቆጠርን። ክፍያ፣ እንቅልፍ፣ ድፍረት፣ የእጅ መርጋት። የመጨረሻው ከሆስፒታል ሲወጣ አብሮ ሄዷል። ቀሪዎቹ ሌላ ሠራተኛ ያስፈልጋቸው ነበር።

ክፍያው ከሁሉም ቀለለ። ፎርማኑን አነጋገርነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዘንድሮም አምናም ሲሠራ የኖረበት መንገድ ነው። የሰውየውን ሒሳብ በቴሌብር ሊልክለት ተስማማ፤ የሰኞውንም ሥራ በስልክ ይነግረዋል። ቅዳሜ ከሰዓት አሁን ልጁን ይዞ ፀጉር ማስተካከያ ይሄዳል።

ፎቁ ከበደን። ፎርማኑ መጀመሪያ «ሥራ ማማረጥ ነው» አለ። የረዳቱን ሞት ስናነሳበት ግን ራሱም እዚያ ነበርና ንግግሩ ተቀየረ። አሁን ሰውየው የሚሠራው የውስጥ ግድግዳ ነው። ክፍያው በትንሹ ያንሳል። ይህን መቀነስ ቤተሰቡ ተመካክሮ ነው የተቀበለው።

እንቅልፉ ገና ነው። ስለ ሟቹ ረዳት ማውራት ከጀመረ ወዲህ እንጨቱ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። በየሳምንቱ ይመጣል፤ አንዳንዴ ሚስቱም ትገባለች። ያችን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይዘል፣ ደጋግሞ ነግሮኛል።

«ስለቴን በላሁ» እያለ ይጨነቅም ነበር፤ ሆስፒታል የተሰጠው መድኃኒት ጾሙን ያፈረሰበት መስሎት። የንስሐ አባቱን ጠራናቸው። መድኃኒት መውሰድ ስለት ማፍረስ እንዳልሆነ ነገሩት፤ ጸበሉንም ከመድኃኒቱ ሳይለይ እንዲቀጥል አዘዙት። የእሳቸው አንድ ቃል ከእኔ ብዙ ምክር በለጠ።

እትዬ ዱቤውን ዘጉ። ለእሳቸው ቀላል አይደለም፤ የሚኖሩበት ነውና። ያለበትን ዕዳ ትንሽ በትንሽ እየከፈለ ነው። ሲያገኙት «ና ቡና ጠጣ» ይሉታል፤ የአረቄው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ጓሮ፣ ልጆቻቸው ጋ።

ፋሲካ ላይ ተንሸራተተ። አማቶቹ ቤት ጠላ ቀረበ። «በሞቴ!» ተባለ። አንድ ጣሳ ጠጣ፣ ከዚያ ሌላ። ማክሰኞ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። አልተቆጣሁም፤ መምጣቱ ደስ ብሎኛል። የጎደለን አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በእኛ ቤት «አልጠጣም» ካልክ ጋባዡን ነካህ ማለት ነው፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ካልክ ግን «በሞቴ» የሚል የለም። ይህን አብረን ደጋግመን ተለማመድነው። ሚስቱ ደግሞ ለሚቀጥለው ግብዣ ቅሪቦ ጠምቃ ይዛ ለመሄድ አሰበች። እጁ ባዶ እንዳይሆን።

አሁን የሚያሳስበን ግንቦት ነው። የሟቹ ረዳት ቤተሰብ በአቅም ማነስ ያዘገየውን ተዝካር ዘንድሮ በሁለተኛ ሙት ዓመቱ ሊያወጣ ነው። ሰውየው አስከሬኑን ካደረሰ ወዲህ ያንን ቤት አልረገጠም። ዘንድሮ ይሄዳል። ጠላ በጋን ይኖራል። ሚስቱ አብራው ትሄዳለች፤ የልጁን እናትም አስቀድሞ ደውሎ «እማማ፣ መጠጥ ትቻለሁ፣ እንዳያስጠጡኝ» ብሏቸዋል። ከእኛ ጋር የያዘው ቀጠሮ ከተዝካሩ በኋላ ላለው ሰኞ ነው።